ቤት ሳይፈርስ ቤት መምታት፦ ስለ ጎረምሳ ልጆች አስቂኝ ግጥም ለሚጽፉ ወላጆች

እኛ ሰፈር፣ አዲስ አበባ ዳር ባለው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ የብሎክ ስብሰባ ሲበተን ሰው ይዞ የሚያቆመኝ ወይ ስለ ውሃ ነው ወይ ስለ ግጥም። ስለ ውሃው መልስ የለኝም። የግጥሙ ጥያቄ ግን ሁሌም አንድ ነው። «የልጄ ልደት ደርሷል፣ የሚያስቅ ነገር ጽፌ ላነብላት ፈልጌ ነበር፤ ከየት ልጀምር?» «ጎረምሳው 12ኛ ክፍል ጨረሰ፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሁለት መስመር ብጽፍ ሦስተኛው ጠፋኝ።» አንዱ ታክሲ ሰልፍ ላይ ይጠይቃል፣ ሌላዋ ደረጃ ላይ ጄሪካን ይዛ። መልሱን ከነምክንያቱ እነሆ።

መመሪያው ከ8 እስከ 16 ስንኝ ለሚሆን፣ ቤተሰብ ፊት ለሚነበብ ግጥም ነው። ከዚያ ከረዘመ እንግዳው ስልኩን ያወጣል፤ ስልክ አወጣህ ብላችሁ የምትከሱት ደግሞ ልጃችሁን ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ኪስ የሚገባ ደብተር፣ ወይም ስልካችሁ ላይ ያለው ማስታወሻ።
- ለእርማት ወረቀትና እስክሪብቶ። ስልክ ላይ ያጠፋችሁት ቃል ከዓይን ይጠፋል። ወረቀት ላይ የሰረዛችሁት ግን ይታያል፤ ብዙ ጊዜ የተሻለውም እሱ ሆኖ ይገኛል።
- ምት የምትቆጥሩበት ጠረጴዛና ጣት።
- አንድ ሳምንት።
- ልጃችሁን በደንብ የማያውቅ አንድ አድማጭ። ባል ወይም ሚስት አይሆንም፤ ታሪኩን ስለሚያውቁ ያልጻፋችሁትን ጨምረው ይስቃሉ።
- የልጁ ፈቃድ። ይህ የግድ ነው፤ ደረጃ 9 ላይ እመለስበታለሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ከመጀመራችሁ በፊት

የሚከተሉት ላይ ግጥም አይጻፍም፦ የልጁ መልክና ሰውነት (ብጉር፣ ውፍረት፣ ቁመት፣ የሚሰባበር ድምፅ)፣ የወደዳት ልጅ ወይም የወደደችው ልጅ፣ የፈተና ውጤት፣ በእንባ የነገራችሁ ማንኛውም ነገር። ምክንያቱ ቀላል ነው። በዚህ ዕድሜ ልጅ ቀኑን ሙሉ ሰው እያየኝ ነው ብሎ ያስባል። አክስትና አጎት ሰብስባችሁ በብጉሩ ስታስቁ ያሰበው ሁሉ እውነት ሆነ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ክፍሉን ቆልፎ ቢቀመጥ አትደነቁ።

የጎረቤት ልጅንም አታስገቡ። «የእነ እገሌ ልጅ ግን…» ብሎ የሚጀምር ስንኝ አያስቅም፤ ያ ጎረቤት ደግሞ ዕድር ላይ አጠገባችሁ ነው የሚቀመጠው።

ደረጃ 1፦ ለአንድ ሳምንት ሰብስቡ፣ አትጻፉ

ልጁ ያለውን፣ ያደረገውን፣ እናንተ የመለሳችሁትን እንደወረደ መዝግቡ። አታሳምሩት። «ስልክ ይወዳል» ብላችሁ አትጻፉ፤ የማን ልጅ ነው የማይወደው? «ቻርጀሩ አጭር ስለሆነ እራቱን ቆሞ በላ» ብላችሁ ጻፉ።

ይህ ደረጃ የሚያስፈልገው ሳቅ ከዝርዝር ስለሚመጣ ነው። አድማጩ ቆሞ የሚበላውን ልጅ ሲያይ የራሱን ልጅ ያያል። «የዘመኑ ልጆች» ስትሉት ግን ማንንም አያይም።

የት ልፈልግ ለምትሉ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ መኖር ራሱ ጎተራ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ «እኔ ትናንት ወጥቻለሁ» እየተባለ የሚደረገው የጄሪካን ክርክር አለ። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ሌሊት ሮቶ የሚሞላው ማን ነው የሚለው አለ። መብራት ሲጠፋ ከክፍሉ ብቅ ብሎ «እናንተም እዚህ ነው እንዴ የምትኖሩት?» በሚል ዓይን የሚያያችሁ ልጅ አለ። ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ከእናቱ 3 ሰው ርቆ የሚቆም ጎረምሳ አለ። እንደኛው ባሉት ኮንዶሚኒየሞች፣ ኮዬ ፈጬም ሆነ የካ አባዶ የሚኖር ሰው ይህን ሲሰማ ማብራሪያ አይፈልግም።

ደረጃ 2፦ አንድ ነገር ብቻ ምረጡ

ሳምንቱ ሲያልቅ ማስታወሻውን አንብቡና አንዱን አክብቡ። ስልኩም፣ እንቅልፉም፣ ጸጉሩም፣ ጫማውም አንድ ግጥም ውስጥ ከገቡ አድማጩ የቱን ይያዝ? የቀረው ለሚቀጥለው ዓመት ይቆያል። ልጁ እንደሆነ ገና ጎረምሳ ነው።

ደረጃ 3፦ የሚሳቅበትን ሰው ወስኑ

የሚሳቅበት ሰው እናንተ ናችሁ። ይህን ብዙ ሰው አይቀበለኝም፤ «ግጥሙ ስለሱ አይደል?» ይላል። ስለሱ ነው። ግን ወላጅ በቤቱ ሥልጣን አለው። ሥልጣን ያለው ሥልጣን በሌለው ሲስቅ፣ ሰሚው አፉ ይስቃል እንጂ ሆዱ ይጨነቃል። ሥልጣን ያለው ራሱ ሲወድቅ ግን ልጁም አብሮ ይስቃል።

ልዩነቱን እዩት። የመጀመሪያው እንዲህ ነው፦

ልጄ ሁሌ ስልክ ላይ ነው፣ ምንም አያጠናም፣
ብመክረው ብቆጣው፣ ከቶ አይሰማኝም።

ይህ ስሞታ ነው። ሽማግሌ ፊት ይቀርባል እንጂ ልደት ላይ አይነበብም። ሁለተኛው ደግሞ፦

በኛ ጊዜ ብዬ፣ ምክር ስደረድር፣
ልጄ ቀጠለልኝ፣ ምዕራፍ ከነቁጥር።

ነገሩ ያው ነው፤ ልጁ ምክር አይሰማም። የወደቀው ግን ምክሩን እየደጋገመ በቃል ያስጠናው ወላጅ ነው።

ደረጃ 4፦ ምት ምረጡ

ግጥም ሲነበብ የሚያደናቅፈው አብዛኛውን ጊዜ ምት ነው። ሳቅ ደግሞ ጊዜ ጠባቂ ነው፤ አንድ ቀለም (አፍ አንዴ ከፍቶ የሚያወጣው የድምፅ ክፍል) ከተረፈ ወይ ከጎደለ ቀልዱ ዘግይቶ ይደርሳል። ለጀማሪ ከሁለቱ አንዱን እመክራለሁ።

ቡሄ በሉ ቤት፦ እያንዳንዱ ስንኝ 4 እና 4 ቀለም ነው። ነሐሴ 13 በር እያንኳኳ የሚጨፍረው ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ምት ስለሆነ ጆሯችሁ ውስጥ አለ። ፈጣን ነው፤ ለአጭር ቀልድ ይሆናል፦

ሳህን ስላት፣ አትሰማኝም፣
ገንዘብ ስላት፣ አታልፈኝም።

የወል ቤት፦ 6 እና 6 ቀለም፣ በድምሩ 12 ነው። ታሪክ ለመንገር ይመቻል፤ ከላይ ያለው የምክር ግጥም በሱ ነው የተጻፈው። 5 እና 5 የሆነው ሰንጎ መገንም አለ። እሱን ግን ሁለቱ ሲለምዱላችሁ ሞክሩት።

አቆጣጠሩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ፊደል አይቆጠርም፣ ድምፅ ነው የሚቆጠረው። ሳድስ ፊደል (እንደ «ን» እና «ል» ያለው ስድስተኛው) ብዙ ጊዜ ከሱ በፊት ባለው ድምፅ ይዋጣል። «ውሃ መጣ ብዬ» 6 ፊደል፣ 6 ቀለም ነው። «እንቅልፉ ይከብዳል» ግን 10 ፊደል ሆኖ ቀለሙ ያው 6 ነው፦ እን፣ ቅል፣ ፉ፣ ይ፣ ከብ፣ ዳል። ስለዚህ በዓይን አትቁጠሩ። ጮክ ብላችሁ እያላችሁ ጠረጴዛውን በጣት ምቱ። ጣታችሁ ካመነታ ስንኙ ታሟል።

ደረጃ 5፦ ቤት የሚመታውን ቃል ቀድማችሁ ፈልጉ

የአማርኛ ዓረፍተ ነገር በግሥ ያልቃል። ዝም ብላችሁ ከጻፋችሁ ስንኙ ሁሉ «ተኝቷል፣ በልቷል፣ ጠፍቷል» እያለ በ«ል» ይዘጋል። ቤቱ ተመቷል፣ የስንኞቹ መጨረሻ ድምፅ ገጥሟል፣ አዎ። ግን ከሁለተኛው ስንኝ በኋላ አድማጩ የሚመጣውን ያውቀዋል፤ የሚያውቀው ነገር ደግሞ አያስቀውም። «ነው» እና «ነው»ም ያው ናቸው።

መፍትሔው ግሡን ወደ መሃል ገፍቶ ስሙን መጨረሻ ማስቀመጥ ነው። «እንቅልፉ ከየረር ተራራ ይከብዳል» የሚለውን «እንቅልፉ ይከብዳል ከየረር ተራራ» ስትሉት ሁለት ነገር አገኛችሁ። አንደኛ፣ «ራ» ላይ የሚያልቅ ብዙ ቃል ስላለ ቤቱ ሰፋ። ሁለተኛ፣ አድማጩ የሚሰማው የመጨረሻ ነገር ተራራው ሆነ። እኛ ሰፈር ደግሞ የረርን ለማየት መስኮት መክፈት ይበቃል።

አንድ ደንብ ልጨምር። የመጨረሻው ፊደል ሳድስ ከሆነ ከሱ በፊት ያለውንም አስተካክሉ። «ስደረድር» ከ«ቁጥር» ጋር ይገጥማል፤ «ድ» እና «ጥ» ሁለቱም ሳድስ ናቸው። «ስደረድር» ከ«ነገር» ጋር ግን ያነክሳል። ወረቀት ላይ አይታወቅም፤ ሲነበብ ነው የሚያጋልጠው።

ቃል ከጠፋ ለቤት መምቻ ተብሎ ቃል አይጣመምም። ስንኙን ገልብጡት፣ ወይም ሌላ ቤት ፈልጉ።

ደረጃ 6፦ አራት ስንኝ ሥሩ

እንግዲህ ወደ ሥራው። ማስታወሻው እንዲህ ይላል እንበል፦ «ሌሊት 9 ሰዓት ውሃ መጣ። ጠራሁት፣ አልሰማም። ዋይፋዩ ጠፋ ብዬ ሳጉረመርም ግን ሳሎን ቆሞ አገኘሁት።» ከዚህ የሚወጣው፦

ውሃ መጣ ብዬ፣ በሌሊት ብጣራ፣
እንቅልፉ ይከብዳል፣ ከየረር ተራራ።
ዋይፋይ ጠፋ ብዬ፣ ለራሴ ባወራ፣
ሳሎን ደርሶ ቆሟል፣ ባትሪ እያበራ።

የተደረገውን ልብ በሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስንኞች ምንም አያስቁም፤ ሥራቸው አድማጩን አንድ ነገር ማስጠበቅ ነው። ሦስተኛው የመጀመሪያውን መልክ ይዞ ይመጣል፦ «ውሃ መጣ ብዬ»፣ «ዋይፋይ ጠፋ ብዬ»። አድማጩ ልዩነቱን የሚይዘው መልኩ ስለተመሳሰለ ነው። «በሌሊት ብጣራ» ጩኸት ነው፣ «ለራሴ ባወራ» ሹክሹክታ ነው፤ በጩኸት ያልነቃው በሹክሹክታ ነቃ። የስልኩ ባትሪ መጨረሻ ላይ የገባውም ሆን ተብሎ ነው። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ብታወጡት ሳቁ ቀድሞ ይመጣና አራተኛው ባዶ ሜዳ ላይ ይቀራል።

ስትጽፉም ከመጨረሻው ስንኝ ጀምሩ። የሚያስቀውን ካገኛችሁ ወደሱ የሚወስደው መንገድ አይጠፋም። ከላይ ወደ ታች የሚጽፍ ሰው ግን ሦስተኛው ላይ ይቆማል፤ መግቢያው ላይ ሦስተኛው መስመር ጠፋኝ ያለው ጎረቤቴም የቆመው እዚያ ነው።

ደረጃ 7፦ ከተመቻችሁ ኅብረ ቃል ሞክሩ

ኅብረ ቃል ማለት ሁለት ትርጉም የያዘ ቃል ነው። ይህ ግዴታ አይደለም። ሰምና ወርቅ ሲሳካ ግን አያቶች ሳይቀሩ ይስቃሉ፤ ስለ ዋይፋይ ምንም ባይገባቸውም። ወላጅና ልጅ በየፊናቸው የሚረዱትን አንድ ቃል ፈልጉ፦

ካርድህን አምጣ ስል፣ ሰሜስተር ሲያበቃ፣
ተፍቋል አለኝ ልጄ፣ ከአልጋው ሳይነቃ።

ወላጁ የትምህርት ቤት ካርድ ይጠይቃል፣ ልጁ የስልክ ካርድ ይመልሳል። አስተውሉ፣ ውጤቱ ስንት እንደሆነ አልተነገረም፤ ማስጠንቀቂያው ላይ የከለከልኩትም ያንን ነው። ቃሉን ፈልጋችሁ ካጣችሁ ዝለሉት። በግድ የገባ ኅብረ ቃል ማብራሪያ ይጠይቃል፣ የተብራራ ቀልድ ደግሞ አልቆለታል።

ደረጃ 8፦ ቁረጡ

ለአንድ ቀን ተዉትና በማግስቱ ለዚያ ልጁን ለማያውቀው አድማጭ አንብቡለት። «እንዴት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ አበሻ ነን፣ «በጣም ቆንጆ ነው» ነው የሚላችሁ። ፊቱን እዩ። ግንባሩ የተቋጠረበት ስንኝ አልገባውም። ዓይኑ በር በሩን ያየበት ስንኝ ይውጣ።

ደረጃ 9፦ ለልጁ ብቻውን አሳዩት

ከእንግዶቹ በፊት፣ በሰላም ቀን፣ ማንም በሌለበት። «ይሄን ላነብ ነው፣ የማትፈልገው ካለ አሳየኝ» በሉት። አንዱን ስንኝ አውጡት ካለ ያለ ክርክር ይውጣ። «ሙድ እየያዛችሁብኝ ነው» ካለ ደግሞ ደረጃ 3ን ረስታችኋል ማለት ነው፤ ተመለሱ።

ይህን የምታደርጉት ለጨዋነት ብቻ አይደለም። አስቀድሞ የሰማ ልጅ ሲነበብ አይደነግጥም፤ እንዲያውም የት ላይ እንደሚሳቅ ስለሚያውቅ የዘመዱን ፊት እያየ ይጠብቃል። እሱ ዘና ሲል ሌላውም በነፃነት ይስቃል።

ቪዲዮ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ ራሱን የቻለ ሌላ ፈቃድ ይፈልጋል። ሳሎን ውስጥ እሺ ያለ ልጅ ለክፍል ጓደኞቹ እሺ አላለም። የቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፕም ከዚያው ይቆጠራል፤ ከዚያ ወዴት እንደሚላክ አታውቁትም።

ደረጃ 10፦ አነባበብ

ወረቀት ላይ በትልቁ ጻፉና ቆማችሁ አንብቡ። ስልክ ላይ ካነበባችሁ መሃል ላይ የሆነ መልእክት ጢን ይልና ምቱ ይሰበራል። ደግሞም ልጁን በስልክ ልትተርቡት ነው፣ ስልክ ይዛችሁ?

ጊዜው ቶና ላይ ይሁን። አቦል ላይ ሰው ገና ወሬውን አልጨረሰም፣ በረካ ላይ ደግሞ ወጣቶቹ ተበትነዋል፤ መመለሻ ታክሲ የሚያሳስበው እንግዳም ጫማውን እየፈለገ ነው።

ሦስተኛው ስንኝ ላይ ትንፋሽ ውሰዱ፣ ከዚያ አራተኛውን ሳትቸኩሉ በሉት። ሰው ሲስቅ ዝም በሉ፤ የሚቀጥለውን ስንኝ በሳቅ ላይ ካነበባችሁ ማንም አይሰማውም። ራሳችሁ ቀድማችሁ አትሳቁ። መግቢያ ንግግርም አይደረግ። «እንግዲህ ይቺን ነገር እንዲያው ለጨዋታ ያህል…» ሲባል ሰው ከአሁኑ ለማዘን ይዘጋጃል።

በብዛት የማያቸው ስሕተቶች

- በምክር መጨረስ። 10 ስንኝ አስቆ መጨረሻ ላይ «በርታ ልጄ አጥና» የሚል ግጥም ብዙ ነው። ልጁ ከመጀመሪያውም ይህን ነበር የፈራው። ሳቁ ላይ ቁሙና ተቀመጡ።

- የልጆችን አራዳ ቃል መደርደር። በእናንተ አፍ አያምርም፤ ያውም ቃሉ እነሱ ዘንድ ካለፈበት ቆይቶ ይሆናል። አንድ ቃል ብቻ፣ እሱም ልጁ ሲናገር ተብሎ ይግባ።

- ከኢንተርኔት የተለቀመ ቀልድ። ልጁ ከእናንተ በፊት አይቶታል።

- በግጥም ለትዳር ጓደኛ መልእክት መላክ። «አባቱን ነው የመሰለው» የሚል ስንኝ እንግዳ ከሄደ በኋላ ሌላ ስብሰባ ይጠራል።

- ለአንዱ ልጅ ጽፎ ለሌላው መተው። መንትያ ካላችሁ ወይም ተከታታይ ልጆች ካሉ በአንድ ግጥም እኩል ስንኝ ስጧቸው። ይቆጥራሉ።

ልጁ መልስ ልስጥ ካለ

ስጡት፤ ከዚያ የተሻለ ውጤት አይገኝም። ደንቡ ግን እኩል ይሁን። እናንተ 12 ስንኝ ካነበባችሁ እሱም 12፣ ቀድሞ ለእናንተ የማሳየት ግዴታም እንደናንተው። ሲያነብ አታቋርጡት፣ ቁጥሩ ተሳስቷል ብላችሁ ምቱን አታርሙት። አንድ ቀን ጊዜ ስጡት፤ ሁለተኛውም ስንኝ ላይ «በኛ ጊዜ» የሚለውን ድምፃችሁን አስመስሎ ቢያወጣው ከሁሉ ቀድማችሁ ሳቁ።